ከእሳቱ ወዲህ ያለው ላሜራ

ሥራው የተጀመረው ሲመሽ ነው። ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው መራዊ፣ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ የጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ የወጣ፣ ኮፈኑና ሁለቱ ፓራፋንጎዎቹ የወለቁ አሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ቆሟል። ተለማማጆቹ «ጋሼ» የሚሏቸው ባትላሜራ የጋቢናውን በሮች ዘጉ፤ መስኮቶቹን በጆንያ ሸፈኑ፤ ከውስጥ ደማቅ አምፖል አንጠልጥለው አበሩ። ከዚያ ዞረው ሞተሩ ይቀመጥበት ወደነበረው ባዶ ቦታ ገቡ። በሞተሩና በሾፌሩ እግር መካከል የሚቆመው ላሜራ ከላይ እስከ ታች በብርሃን ነጠብጣብ ተሞልቷል።

አንደኛው ልጅ እያንዳንዱን ቀዳዳ በጠመኔ እያከበበ ቆጠረ። «ሃያ ሦስት» አለ።

«ጎንበስ በል እንጂ፤ ከታች አላየህም» አሉት። ሲጎነበስ ሃያ ሰባት ሆኑ።

ከሃያ ሰባቱ ፋብሪካው አስቦ የበሳቸው ከግማሽ አይበልጡም። የፍሬን ሰርቮው፣ የፍሪሲዮን ፓምፑ፣ የመሪው ዘንግ፣ የነዳጅ መስጫው ገመድ፣ ወደ ዳሽቦርዱ የሚገባው የሽቦ ጥቅል፣ የማሞቂያው ሁለት ቱቦዎች፣ ሁሉም የየራሳቸው መግቢያ አላቸው። የቀሩት ቀዳዳዎች መኪናው በማን በማን እጅ እንዳለፈ የሚናገሩ ናቸው። ፒክአፑ ቀድሞ የአንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ነበር፤ በዚያ ዘመን ረጅም አንቴና ያለው የመገናኛ ሬዲዮ ተገጥሞለት ለገመዱ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተበሳ። ፕሮጀክቱ አልቆ መኪናው በጨረታ ሲሸጥ ሬዲዮው ተነቀለ፤ ቀዳዳው ግን ቀረ። የገዛው ሰው የጭጋግ መብራት አስገባ፤ ከእርሱ የገዛው ደግሞ ሁለተኛ ክላክስ ጨመረ። እያንዳንዱ በመሰርሰሪያ በስቶ ሽቦውን አሳለፈ፤ ሲነቅል ማንም አልደፈነም።

የዛሬ ባለቤቱ ቡሬ ላይ በርበሬና እህል የሚነግድ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሰው ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ መራዊ የመጣው እኒህን ባለሙያ ፈልጎ ነው። በስልኩ የያዛቸው ፎቶዎች አሜሪካ ውስጥ በልዩ ትእዛዝ የተሠሩ ፒክአፖችን ያሳያሉ፤ ኮፈናቸው ተከፍቶ ከሞተሩ ኋላ ያለው ግድግዳ አንድም ብሎን፣ አንድም ሽቦ ሳይታይበት እንደ መስታወት ለስልሶ ያበራል። «እንዲህ ሸጋ እንዲሆንልኝ ነው፣ ጋሼ» አላቸው።

ስልኩን ተቀብለው፣ በጣታቸው አስፍተው፣ ረጅም ጊዜ አዩት። «ሥራው ደኅና ሥራ ነው» አሉ። «ፍሬኑ የታለ?»

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። በፎቶው ላይ የፍሬን ሰርቮው ከግድግዳው ተነስቶ በወለሉ ሥር ተደብቋል፤ እንዲህ ዓይነት መኪና በዓመት ጥቂት ቀን፣ በንጹህ አስፋልት፣ ለእይታ ይወጣል። የቡሬው ፒክአፕ ግን ነገ በርበሬ ይጭናል፤ ከነገ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሁለቱ ሰዎች ንግግር ከዚያች ምሽት ጀምሮ ምን ይለስልስ፣ ምን ደግሞ በግልጽ ይታይ በሚለው ላይ ሆነ። ወደዚያ ግቢ የወሰደኝ ያማረ ሥራ የማየት ፍላጎት ነበር። እዚያ የሰማሁት ግን ኮፈን በከፈትን ቁጥር ዓይናችን ሳያየው የሚያልፈው ይህ ላሜራ ከመኪናው አካል ሁሉ በላይ ልንጠነቀቅለት የሚገባ መሆኑን አሳመነኝ።

ላሜራው ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በወዲያኛው ጎኑ ዳገት ላይ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል የጭስ ማውጫ፣ ናፍጣ በከፍተኛ ግፊት የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የፈላ ውሃ፣ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ኤሌክትሪክ አለ። በወዲህኛው ጎኑ የሰው እግር አለ።

ዓባይ በረሃን በጭነት የወጣ ሾፌር ሙቀቱን ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገዱ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሲወጣ ሙቀቱ በላሜራው አልፎ የጫማ ሶል ድረስ ይደርሳል። የመራዊን ያህል ከፍታ ባለው ቦታ፣ ማለትም 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚታገሠው ክዳኑ ግፊቱን ስለያዘለት ነው። ክዳኑ ወይም ቱቦው ሲደክም ትኩስ ውሃውና እንፋሎቱ ወደ ኋላ ይረጫል፤ የሚያገኘው ደግሞ ይህንኑ ግድግዳ ነው።

ጭሱ ከሙቀቱ የባሰ ነው፤ አይታይማ። በጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ላይ ያለ ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ጭሱ ኮፈን ሥር ይጠራቀምና ክፍት ቀዳዳ ባገኘበት ወደ ጋቢና ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ያነሰ ቢያወጣም ከነጭራሹ አያወጣም ማለት አይደለም። ሾፌሩ ራሱን ሲያመው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው የመንገዱ ድካም ይመስለዋል፤ መስኮት ዘግቶ በብርድ ሌሊት ሲነዳ ነገሩ ይከፋል።

ስለ እሳት ሲነሳ ብዙ ሰው ናፍጣን ይንቃል። እውነት ነው፣ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ሲሰጥ፣ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። ነገር ግን ኮፈን ሥር ከ50 ዲግሪ በላይ የሚሆን ቦታ ሞልቷል። ከላላ ቧንቧ የሚረጭ ናፍጣ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ክብሪት አያሻውም። በገጠሩ መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ማገዶ ይጨመርበታል። በመኸር ወራት ጭድ በራዲያተሩ በኩል ገብቶ በሞተሩና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይከማቻል። ለወራት የቆመ መኪና ውስጥ አይጥ ያንኑ ጭድ ሰብስባ ጎጆ ትሠራለች፤ የሽቦውን ፕላስቲክም ትበላለች። ባዶ ሽቦ፣ ዘይት የነካው ጭድና ሙቀት አንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው። እሳት ቢነሳ ግድግዳው ለዘላለም አያግደውም። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ በር ከፍቶ፣ አጠገቡ ያለውን ልጅ ይዞ የሚወርድባትን ጊዜ ይገዛለታል። ሃያ ሰባት ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ያችን ጊዜ ይቀንሳታል።

በዚህ መንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና አብዛኛው ኮፈን የለውም። አይሱዙ ላይ ጋቢናው ሞተሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሜካኒኩ ሊሠራ ሲፈልግ ጋቢናውን ወደፊት ይደፋዋል፤ በዚህ ዓይነት መኪና የግድግዳውን ሥራ የሚሠራው ወለሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ቅጥቅጡ ነው። የጭነት ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል ሲቀጠቀጥለት ፋብሪካው የሠራው ጋቢና ይነሳል፤ አብሮት ወለሉ፣ የሙቀት መከላከያውና ማሸጊያ ጎሚኒው ይነሳል። ከሾፌሩ አጠገብ ሞተሩን የሚሸፍነው ሣጥን እንደገና በእጅ ይሠራል። ተሳፋሪ ሲበዛ ሰው የሚቀመጠው እዚያው ሣጥን ላይ ነው፤ አንዳንዴም ሕፃን ያዘለች እናት ናት። የሣጥኑ ጠርዝ በደንብ ተገጥሟል ወይ፣ በሥሩ ያለው መከላከያ የማይቃጠል ነው ወይ፣ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒ አለው ወይ? አካል የሚሠሩ ቤቶች ወንበሩንና ቀለሙን የሚጨነቁበትን ያህል እዚህ ላይ ቢጨነቁ፣ መርማሪዎችም ፍሬቻና ጎማ ከማየታቸው በፊት የሣጥኑን ክዳን ቢያስነሱ የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

እንዲህ ያለው የእጅ ሥራ በአገራችን የቆየ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣው ፊያት 634፣ ሾፌሮች «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1939 የተመረተ ረጅም ኮፈን ያለው የናፍጣ መኪና ነበር፤ ፋብሪካው ካቆመ ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላም ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የፊያት 682 ቤተሰብ የሆነው «ኤንትሬ» ሞተሩን በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ይዞ ተራራውን ሁሉ ወጥቷል። እነዚህን መኪናዎች በሕይወት ያቆየው መዶሻና ብየዳ ነው። ባትላሜራ፣ ኮፈን፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን የሚሉት ቃላት ከዚያ ዘመን ጋራዥ ወርሰናቸው ይኸው እስከ ዛሬ እንሠራባቸዋለን። ባለመኪናው በስልኩ የያዘው ፋሽን ከሌላ ምንጭ የመጣ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን እየገፈፉ፣ ትርፍ ነገር ሁሉ እየነቀሉ ያስሮጡ ነበር፤ «ሆት ሮድ» የተባለው መጽሔታቸው እ.ኤ.አ. በጥር 1948 ወጣ። የቀዳዳ መድፈንና የሽቦ መደበቅ ጥበብ ከእነርሱ ልጆችና የልጅ ልጆች እጅ ነው የጎለበተው።

በማግስቱ ጠዋት እጥበት ሆነ። ግድግዳው ላይ የነበረው የቅባትና የአቧራ ቅርፊት በቦታ ቦታው የጣት ውፍረት ይደርሳል። ልጆቹ በጠፍጣፋ ብረት ፋቁት፤ የቀረውን በናፍጣ አርሰው፣ በብሩሽ አሽተው፣ በዱቄት ሳሙናና በውሃ አጠቡት። በብዙ ቦታ ይህ የሚሠራው በቤንዚን ነው፤ ቶሎ ያጸዳል፣ ቶሎ ይደርቃል። ጋሼ ቤንዚን ለእጥበት ግቢያቸው እንዲገባ አይፈቅዱም። ተኑ መሬት መሬቱን ተጉዞ በሌላው ጥግ ያለ ብየዳ ወይም ሲጋራ ጋ ይደርሳል።

ቅርፊቱ ሲነሳ ሁለት ነገር ወጣ። አንዱ ዝገት ነው፤ ከፊት መስታወቱ ሥር በግራና በቀኝ ማዕዘን ላይ ላሜራው በጣት ሲነካ ተንኮታኮተ። የላንድክሩዘር 70 ተከታታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው፣ በዚህ ቦታ መዛጉ የታወቀ ነው፤ ከመስታወቱ የሚወርደው የክረምት ውሃ እዚያ ይተኛል። ሞተሩ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ጥግ ላይ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል፤ ማንም ስለ እርሱ አልተጨነቀም።

ሁለተኛው ግኝት ሽቦ ነበር። ከተነቀለው ሬዲዮ የቀረ ወፍራም ቀይ ሽቦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ጀርባ ተጎልቷል። ልጁ ሊቆርጠው ፒንሳ ሲያነሳ ጋሼ እጁን ያዙት፤ ባትሪውን አምጥተው በቦታው አገናኙና የመሞከሪያ መብራት ነኩበት። መብራቱ በራ። ሬዲዮው ከተነቀለ ጀምሮ ይህ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ፣ ያለ ፊውዝ፣ ኤሌክትሪክ ይዞ በቀዳዳው ስለታም ጠርዝ ላይ ሲንቀጠቀጥ ኖሯል። ባለመኪናው ዝም አለ። ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው በዚህ መኪና ነው።

ወደ ብየዳው ሲደረስ ባትሪው ወደ ግቢው ጥግ ተወሰደ፣ የነዳጅ ቧንቧዎቹ ተደፈኑ፣ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ባልዲ አሸዋ ቀረበ። ቀዳዳ መድፈን ቀላል ይመስላል፤ ቀጭን ላሜራ ላይ ግን ብየዳ ጠላት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሙቀት ከተሰጠው ብረቱ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ቀጥ ያለው ግድግዳ በደንብ ሳይበስል እንደተነሳ እንጀራ ጠርዝ ይጥመለመላል። ስለዚህ አይቸኮልም። ትልቁን የሬዲዮ ቀዳዳ ለመድፈን ጋሼ ከአሮጌ ኮፈን ላይ በመቀስ ክብ ላሜራ ቆረጡ፤ ውፍረቱ ከግድግዳው ጋር አንድ ነው። ከቀዳዳው ጋር ጫፍ ለጫፍ እንዲገጥም በሞረድ አስተካከሉት። አንድ ነጥብ በየዱ፤ ትይዩውን በየዱ፤ ከዚያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። ቆመው ጠበቁ። በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን ለክተው እንደገና ጀመሩ። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ሌላ ነጥብ ሞላው፤ አንዱም ቦታ ላይ ከነጥብ ያለፈ መስመር አልተሰመረም።

ትንንሾቹን ቀዳዳዎች የደፈኑበት ዘዴ ለእኔ አዲስ ነበር። ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ የመዳብ ቧንቧ በመዶሻ ጠፍጥፈው፣ ልጁ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ከቀዳዳው ኋላ አስደግፎ ያዘላቸው። ቀልጦ የሚወርደው ብረት መዳቡ ላይ አይጣበቅም፤ ሙቀቱንም መዳቡ ይወስደዋል። ነጥቡ ሲረጋ መዳቡ ይነሳል፤ ከኋላም ከፊትም ለስላሳ ነው የሚቀረው። መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ እስኪመጣ ጠበቁ እንጂ በኦክስጅን ብየዳ አልቀጠሉም፤ የኦክስጅኑ ነበልባል ሰፊ ቦታ ያግላል ብለው።

እያረፉ ሳለ ባለመኪናው «ለምን በቤት ቆርቆሮ አይሆንም? እቤት ተርፎኛል፣ አመጣልዎት ነበር» አላቸው።

«የቤት ቆርቆሮ ዚንክ ለብሷል፣ ወንድሜ። ሲበየድ ጭሱ ትኩሳት ይለቃል፤ ብየዳውም አረፋ ይሆናል። ልጅ ሆኜ በየጄ ሌሊቱን ሙሉ ስንቀጠቀጥ አድሬያለሁ። እነዚህን ልጆች አላስነካቸውም።»

የተበየደው ሁሉ በግራይንደር በቀስታ ተስተካከለ፤ እዚህም ላይ ችኮላ ላሜራውን ያሳሳዋል። ከዚያ ስቱኮ መጣ። ስቱኮን በተመለከተ የጋሼን አቋም ሙሉ በሙሉ እጋራለሁ። ብረቱ በብረት ተደፍኖ፣ በመዶሻና ከኋላ በሚደገፍ ብረት ቀጥ ብሎ ካለቀ በኋላ የሚቀባ ስስ ስቱኮ የሥራው ማጠናቀቂያ ነው። ቀዳዳ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ በስቱኮ መድፈን ግን የሚያሳዝን ሥራ ነው፤ በየከተማውም ሞልቷል። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል፤ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይታይ ይዝጋል። በሙቀትና በመንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል። ገዢው ኮፈን ከፍቶ የለሰለሰ ግድግዳ አይቶ ተማምኖ ይገዛል፤ ከአንድ ክረምት በኋላ ቁራጩ ወልቆ የሾፌር ምንጣፍ ላይ ያገኘዋል። ሁለቱም ሥራ በቀለም ሥር አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ማግኔት ይናገራል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይይዝም። አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ኪሱ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይያዝ፤ ከበሩና ከፓራፋንጎው ይልቅ ይህን ግድግዳ ይሞክርበት።

ሁሉም ቀዳዳ አይደፈንም። ከመስታወቱ ሥር ያለው ገንዳ የዝናብ ውሃ የሚያወርድባቸው መውጫዎች አሉ፤ እነርሱን የደፈነ ሰው በሰኔ ጋቢናው ውስጥ ኩሬ ያገኛል። ልጁ ከሁለቱ አንዱን በጠመኔ አክብቦት ነበር፤ ጋሼ በእጃቸው አጥፍተው ጣቱን አስገብተው አስነኩት። የመኪናው መለያ የታተመበት ትንሽ የብረት ሰሌዳም እዚሁ ግድግዳ ላይ ተመቶ ይገኛል። ለማማር ብሎ ነቅሎ የጣለው ወይም በቀለም የሸፈነው ሰው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ መልስ ያጣል፤ በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት። ሰሌዳው በጥንቃቄ ተሸፍኖ በዙሪያው ተቀባ።

ሽቦው ላይ ክርክር ተነሳ። ባለመኪናው እንደ ፎቶው አንድም እንዳይታይ ይፈልጋል፤ ሁሉም በፓራፋንጎው ውስጥ ይሂድ አለ። ጋሼ ግማሹን ተቀበሉ። የመብራትና የክላክስ ሽቦ በፓራፋንጎው ጠርዝ ሥር፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አለፈ። በግድግዳው የሚገባው ሁሉ በአንድ ቀዳዳ፣ በአንድ ወፍራም ጎሚኒ ብቻ እንዲገባ ተደረገ። ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ ፊውዝ ገባ። የፍሬን ቧንቧን መደበቅ ግን እምቢ አሉ። «ይህ መታየት አለበት። ሾፌር ኮፈን ከፍቶ በዓይኑ የማያየውን ፍሬን እኔ አልሠራም።» የነዳጅ ቧንቧውም ከሽቦው ተለይቶ፣ በሌላ ወገን፣ በራሱ ማሰሪያ ተያዘ። በእኔ ዓይን ውጤቱ ከፎቶው ይበልጥ አምሮ ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ልጅ እንኳ ሊከተለው ይችላል።

ጋቢና ውስጥ፣ ከምንጣፉ ሥር፣ ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ተገኝቶ ነበር፤ አንዱ የቀድሞ ባለቤት ድምፅና ሙቀት ይከለክልልኛል ብሎ ያነጠፈው ነው። ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ያ ስፖንጅ ወጥቶ ተጣለ፤ በምትኩ የማይቃጠል የሙቀት መከላከያ ንጣፍ ተገዛ። ዋጋው ባለመኪናውን አስከፋው፤ ሆኖም ከፈለ።

ቀለሙን በተመለከተ ሰውየው ጥቁር ፈልጎ ነበር። ጥቁር ያምራል፣ ቆሻሻም አያሳይም። ጋሼ የተቃወሙት በዚሁ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዝገት ከልካይ ሽፋን ደርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት በውሃ ታሽቶ ሲያልቅ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚሄድ ነጭ ተነፋ። የሚነፋውን ልጅ ማጣሪያ ያለው ጭንብል አስለበሱት፤ ሌሎቹን ከግቢው አስወጡ። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የመኪና ቀለም ሳንባን ለዘለቄታው የሚያስቆጣ ኬሚካል አለው፤ አፍን በሻሽ መሸፈን ደግሞ ከእርሱ አይከላከልም። በየጋራዡ ሻሽ ብቻ አስረው የሚነፉ ልጆች ሳይ ልቤ ይሰበራል፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ወጪ የሚስተካከል ነገር ነው።

ለአሮጌ ፒክአፕ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪና ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። እጅ ላይ ያለ መኪና ዋጋው ናረ፤ የሚተካው አጣ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን በተደጋጋሚ ዘግቶታል፤ ዕቃ ይቆያል፣ መኪና መንገድ ላይ ቢበላሽ ማደሪያው አያስተማምንም። በዚህ ጊዜ ገጠር ለገጠር የሚሄድ ነጋዴ ከመኪናው የሚፈልገው እንዳያስቆመው ነው። የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር በሚያጠጣበት በመራዊ ዙሪያ ድንችና ሽንኩርት ከማሳ የሚወጣው፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በርበሬ የሚጫነው በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ብረት ነው። እንዲህ ያለውን ብረት የሚጠብቁት ደግሞ እንደ ጋሼ ያሉ እጆች ናቸው፤ ከእሳቸው የሚማሩት ሁለት ልጆች ብቻ መሆናቸው ያሳስበኛል። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተ ፖሊ ቴክኒክ ካላት ስልሳ ዓመት አልፏል። የአሮጌ ላሜራ ብየዳን የሚያህል ጠቃሚ ሙያ በዚህ ዙሪያ ካሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች ወርክሾፕ እንዲገባ፣ እንደ ጋሼ ያሉት ሰዎችም ገብተው እንዲያስተምሩ ቢደረግ ትርፉ ለመንገደኛው ሁሉ ነበር።

ሞተሩ ተመልሶ የገባ ዕለት ግቢው በሰው ሞላ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት አንደኛው ልጅ ከመስታወቱ ላይ በጎማ ቱቦ ውሃ አወረደ፤ ሌላው ጋቢና ውስጥ ተንበርክኮ በደረቅ ጋዜጣ ማዕዘኖቹን ሁሉ ነካካ። ጋዜጣው ደረቅ ወጣ። ሞተሩ ተነሳ፤ አንድ ሰዓት ያህል እንዲግል ተተወ። ባለመኪናው በስልኩ ከዚህም ከዚያም ፎቶ አነሳ። ሾፌር መቀመጫው ላይ ወጥቶ ፍሪሲዮኑን ደጋግሞ ረገጠ።

ፎቶ ሊያነሳ እንደገና ሲያጎነብስ ነው ያየው። ከፍሪሲዮን ፓምፑ ሥር፣ ነጩ ላይ፣ የጥፍር ስፋት ያላት እርጥበት አለች።

«ጋሼ፣ ውሃ ነው?»

ጋሼ በጣታቸው ነክተው አሸተቱ። «የፍሬን ዘይት ነው። ሞተሩን አጥፋው። አንተ፣ ውሃ አምጣ ቶሎ፤ ቀለሙን ይልጠዋል።»

«ኧረግ! አዲስ ቀለም እኮ ነው!»

«ቀለሙ ይቀባል። ፓምፑ ግን ስንት ጊዜ ሲያፈስ እንደኖረ እንጃ፤ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ማን ያየዋል? ፍሪሲዮን አልላላብህም ነበር?»

«ዘይት ይጎድልበታል እጨምራለሁ፤ እንደዚህ ነው ጠባዩ ብዬ ነው።»

ልጁ ቦታውን በብዙ ውሃ አጠበው። ፓምፑ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሲከፈት ውስጡ ያለው ጎሚኒ ጠርዙ ተበልቷል። መራዊ ውስጥ ልኩ አልተገኘም፤ ስልክ ተደውሎ ባሕር ዳር አለ ተባለ። ባለመኪናው በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ሊያመጣው ተስማማ፤ ጋሼም ጎሚኒው ገብቶ እስኪሞከር ድረስ ፒክአፑ ከግቢው እንዳይወጣ ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።